ጭሱና የሃናው መንገድ

ጂንካ ስመደብ ሥራዬ ተሽከርካሪ መመርመር ነበር። ፍሬኑ ይይዛል ወይ፣ መሪው ይጎትታል ወይ፣ መብራቱ ይሠራል ወይ እያልኩ አይና ለዓመቱ ቦሎ የሚያልፈውን አሳልፌ የማያልፈውን እመልሳለሁ። ስለ ጭስ ግድ አልነበረኝም። ናፍጣ የሚጠጣ መኪና ያጨሳል፤ ይህን እንደ ዝናቡና እንደ ጭቃው ያለ የነበረ፣ የሚኖር ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ግድ እንዲሰጠኝ ያደረገችኝ ጎረቤቴ ናት።

አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እሷ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ እንደኔው ከሩቅ አገር ነው የመጣችው። ባሏ የጤና መኮንን ሲሆን የተመደበው ሃና ነው፣ ሳላማጎ ወረዳ፣ ከማጎ ፓርክ ባሻገር። ጂንካ የሚመጣው በወር አንዴ፣ መንገዱ ከፈቀደለት ደግሞ ሁለቴ ነው። የእኔንና የእሷን ክፍል የሚለየው ስስ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ስትስል እሰማታለሁ። አስም አለባት። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ደህና ናት፤ ስትመለስ ግን በሯ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ቁልፍ እንኳ አታወጣም።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የባሰብሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«መናኸሪያው ጎን ያለው ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ» አለችኝ። «ነገ ቢሮ ከመግባትሽ በፊት እኔ ጋ ብቅ በይ። በዓይንሽ እዪው።»

ሄድኩ። ትምህርት ቤቱንና መናኸሪያውን የሚለያቸው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ጂንካን የሚያውቅ ሰው ጠዋቷን ያውቃል፤ ከተራሮቹ የሚወርደው ጭጋግ ከተማዋ ላይ ተኝቶ ፀሐይ እስክትበረታ ንቅንቅ አይልም። መኪኖቹ ሞተር የሚያሞቁት በዚያው ሰዓት ነው። የአርባ ምንጩ፣ የኮንሶው፣ የቱርሚው፣ የገጠር መስመሮቹም ሁሉ ተሰልፈው፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ሞተር ሳያጠፉ ይቆማሉ። ካጠፉ ባትሪያቸው አያስነሳቸውም፤ ሰው ለምኖ ማስገፋት ነው። ጭሱ ወደ ላይ መሄጃ ሲያጣ አጥሩን ተሻግሮ ሕፃናቱ ጋ ይገባል።

ከትንንሾቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ልጆቹ ፊደል እየቆጠሩ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል። የቆርቆሮው ጣሪያ መሞቅ ሲጀምር ግን መክፈት ግድ ሆነና መምህርቷ ከፈተችው። ገና ከመከፈቱ አንዲት ቀጭን ልጅ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ያዘችና «የሃናው ተነሳ!» ብላ ጮኸች። ሌሎቹም «የሃናው! የሃናው!» እያሉ አፍንጫቸውን ያዙ።

«በጠረኑ ነው የሚለዩት» አለችኝ መምህርቷ እየሳቀች። «ሀንና ሐን ሳይለዩ መኪና መለየት ቻሉ።» ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ግድግዳውን ተደገፈች። አፍ ውስጥ የሚነፋውን መድኃኒት ከቦርሳዋ አውጥታ ሳበች። ትንፋሿ ሲመለስ፣ «የሚገርምሽ ነገር ባሌን የሚያመጣልኝም እሱ ነው። ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ሲቆም ያፍነኛል» አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከክልሉ ቢሮ መመሪያ መጣ። በዚያን ጊዜ የክልላችን መቀመጫ ሐዋሳ ነበር። ዞኖች በትራንስፖርት እቅዳቸው ውስጥ ስለ አየር ጥራት አንድ ክፍል እንዲያስገቡ፣ የተሽከርካሪ ጭስ እንዲለኩ፣ ከተፈቀደው በላይ የሚያጨሱትንም እንዲያቆሙ ይላል። ኃላፊያችን አስጠሩኝ። ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን የማውለቅ ልማድ ያላቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ።

«ይህን የምትይዥው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «የጭስ መለኪያ በውሰት ይልኩልናል። ለኪ፤ እቅዱ ውስጥ የሚገባውንም አንቺው ጻፊው።»

«ያላለፈውን ምን እናድርገው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «መመሪያው ይቁም ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ እንደ አካባቢው ሁኔታ ይላል። ለጊዜው ለኪ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

መለኪያው ሬዲዮ የሚያህል ሳጥን ነው፤ ረጅም ቱቦ አለው። ቱቦው ጭስ ማውጫው ውስጥ ይገባል፣ ሾፌሩ ነዳጁን እስከ ታች ይረግጣል፣ ሳጥኑ የጭሱን ጥቁረት በቁጥር ያሳያል። መናኸሪያው ውስጥ ጠረጴዛ አውጥተን ስንጀምር ሰው እንደ ሠርግ ከበበን። አዳዲሶቹ መኪኖች አለፉ። በጥቂቱ የወደቁም ነበሩ፤ ፊልትሯቸውን አራግፈው ወይም ቀይረው ተመለሱና አለፉ። ሾፌሮቹ እርስ በርሳቸው እየተፎካከሩ፣ «ያንተ ስንት አጨሰ?» እየተባባሉ ይሳሳቁ ጀመር።

የሃናው ቅጥቅጥ ተራ ደረሰ። ቅጥቅጥ የምንለው በጭነት አይሱዙ ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር የአውቶቡስ አካል የተገጠመለትን መኪና ነው። ባለቤቱም ሾፌሩም አንድ ሰው ናቸው፤ የአሪ ተወላጅ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ በወፍራም ድምፃቸው የሚዘምሩ። ለምርመራው ብለው መኪናዋን ነሪ ወንዝ ወስደው አጥበዋታል።

«ኢንጂነር፣ ታጥባለች። ዛሬ አታጨስም» አሉኝ። ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ።

ነዳጁን ሲረግጡ ከኋላ የወጣው ጭስ ጠረጴዛችንን ከነሰዉ ዋጠው። ቁጥሩ ሳጥኑ ሊያሳይ ከሚችለው የመጨረሻው ጋ ደርሶ ቆመ። ደግመን ለካን፤ ያው ነው። ሳቁ ጠፋ።

«ጋሼ፣ አላለፈችም።»

«ምን ልታረጊያት ነው?»

«እስክትሠራ ድረስ መቆም አለባት።»

ከጋቢናው ወረዱና ወደ ኋላ ዞረው የጭስ ማውጫውን አፍ በመዳፋቸው ጠረጉት። መዳፋቸው ከሰል መሰለ። «ሃናን ማን ያደርሳል እንግዲህ?» አሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው የተናገሩት አልለየሁም። መመሪያው ስለ ሃና የሚለው ነገር የለም።

ለውጡ ወዲያው ታየ። መምህርቷ ጠዋትም መስኮቷን ትከፍት ጀመር። ከሥራ ስትመለስ በሯ ላይ ሳትቀመጥ ቀጥ ብላ የምትገባበት ቀን በዛ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ አብረን ስንመለስ ዳገቱን ሳታርፍ ወጣችና አናቱ ላይ ቆማ «አየሽኝ?» አለችኝ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏት። እኔም ደስ አለኝ። ተምሬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ያየሁት የመጀመሪያው ፍሬ ያ ነበር።

ባሏ ግን አልመጣም። የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር የማጎ መንገድ ከወትሮውም የባሰ አስቸጋሪ ነው። ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። እራት አብረን እየበላን ከቅጥቅጡ በቀር ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ የሁለታችንም ጆሮ ግን የግቢው በር ላይ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩ ተከፈተና ባሏ ገባ። እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎታል። እሷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እኔ ውሃ ላሞቅለት ወጣሁ። ታጥቦ፣ ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ ሻይ ከያዘ በኋላ ነው የሆነውን የነገረን።

ሃና ጤና ጣቢያ አንዲት ወላድ ምጥ ጠንቶባት መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ የሚመጣውም በእግሩ ነው። ጂንካ ሆስፒታል መላክ አለባት፤ አምቡላንሱ ግን ተበላሽቶ ከቆመ ሰንብቷል። ቀኑ ቅጥቅጡ ከሃና የሚነሳበት ቀን ነበር። በደህናው ጊዜ ቢሆን የኋላውን ወንበር አስለቅቀው አስተኝተው ይወስዷት ነበር። አሁን የተገኘው እህል አራግፎ የሚመለስ የጭነት መኪና ብቻ ነው። ሾፌሩ ወላዷን፣ እናቷንና የጎረቤቴን ባል ጋቢና ውስጥ አፋፍጎ ተነሳ። ማጎ ሲደርሱ ጭቃው ያዛቸው።

«ይዘንባል፣ ቆላ ዝንቡ በልብስ ላይ ይናከሳል» አለን። «ሾፌሩ ከጎማ ሥር ድንጋይና ቅጠል ይጎዘጉዛል። እኔ እዚያው ጋቢና ውስጥ አዋለድኳት። ልጁ ወጣ፣ ግን አይጮኽም። አፉን እጠርጋለሁ፣ ጀርባውን አሻለሁ፣ አይጮኽም። አያቱ በቋንቋዋ ትጠራዋለች፤ ስም ሳይወጣለት ምን ብላ እንደጠራችው እንጃ። ከዚያ አስነጠሰ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ያደረገው ማስነጠስ ነው። ከዚያ ጮኸ።»

«አሁንስ?» አለች ሚስቱ፣ እጇን አፏ ላይ እንደጫነች።

«ሆስፒታል አስገብቻቸው ነው የመጣሁት። ብዙ ደም ፈሷታል፤ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ሻዩን ጨረሰ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ «መኪናው ቢኖር ኖሮ እዚህ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር የምትወልደው» አለኝ።

«እሷ ምን ታድርግ?» አለች ሚስቱ እኔን ቀድማ። «እኔን የሚያፍነኝን እኮ ነው ያስቆመችው።»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ። እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው።»

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ አየኋቸው። እናትየዋ ገና ልጅ እግር ናት፤ አማርኛ አትችልም። ሕፃኑን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ማን እንደሆንኩ አታውቅም፤ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መስያታለሁ፤ በእጇ ተቀመጪ አለችኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተነስቼ ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። «እቅዱን ከመጨረሴ በፊት ሃና መሄድ እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

«ሃና እኮ የጭስ ችግር የለም። መኪናው ራሱ የለም።»

«የለም፤ ያቆምነው እኛ ነን። ውሳኔው የደረሰባቸውን ሰዎች ሳልሰማ እቅዱን እንዴት ልጻፈው?»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ ፈቀዱልኝ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሌላ ወረዳ ስለነበር እኔም እንደ ሌላው ሰው መንገድ ዳር ቆሜ የጭነት መኪና ጠበቅሁ። አጠገቤ ዶሮ የያዙ፣ መድኃኒት የያዙ፣ ለሠርግ የሚሄዱ፣ ከለቅሶ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። የተሳካልን በማግስቱ ነው። ጭነቱ ላይ ሆነን፣ ማጎን በዚያ ጭቃ ስናቋርጥ፣ የቅጥቅጡ የተቀደዱ ወንበሮች ምን ያህል ድሎት እንደነበሩ ገባኝ።

የወረዳው ሠራተኞች ሰው ሰበሰቡልኝና ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ገበሬው፣ ከብት አርቢው ሁሉ መጥቷል። የመጣሁበትን ስናገር አንድ የቦዲ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ጠየቁኝ፦

«ያቺ መኪና ስትመጣ ከሩቅ ጭሷን እናያለን። ጭሷን ስናይ መድኃኒት መጣ፣ ጨው መጣ፣ የታመመ ይሄዳል እንላለን። አንቺ ጭሷ ይጎዳል ትያለሽ። ማንን ነው የሚጎዳው?»

ስለ ጂንካ ጭጋግ፣ ስለ ቆርቆሮው አጥር፣ አፍንጫቸውን ስለሚይዙት ሕፃናት ነገርኳቸው። አስተርጓሚው ሲጨርስ ሽማግሌው አሰቡና «እንግዲያው እዚያ አታጭስ፤ እዚህ መጥታ ታጭስ። ሜዳችን ሰፊ ነው» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። «አባቴ፣ መኪናዋ እዚህ ስትቆም ልጆቻችሁ ሮጠው ይከቧታል» አልኳቸው። «የእነሱም ሳንባ እንደ ጂንካዎቹ ነው። ለእነሱም ጥሩ አይደለም።»

ይህ ሲተረጎምላቸው አልሳቁም፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከኋላ የቆመች አንዲት ነጋዴ ሴት በአማርኛ፣ «እኛ ጭሱ ይኑር አላልንም። ጭሱን ስታጠፉ መንገዳችንን አብራችሁ አታጥፉት ነው የምንለው» አለች። ሌላም ብዙ ተባለ፤ ስለ ድልድይ፣ ስለ አምቡላንስ፣ ስለ ስልክ። እኔ ግን ይዤ የተመለስኩት የእሷን ቃል ነው።

ጂንካ እንደገባሁ ሾፌሩ ቤት ሄድኩ። ከከተማው ዳር፣ እንሰትና ቡና የከበበው ግቢ ነው። ቅጥቅጧ እንሰቱ መሃል ቆማ ዶሮዎች ሥሯ ተጠልለዋል። ሚስታቸው የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ሾፌሩ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተቆጡም።

«እንደምታጨስ እኔም አውቃለሁ» አሉኝ። «ፓምፑ ነው። ናፍጣ ይደፋል። ጂንካ ደግሞ ፓምፕ የሚያስተካክል የለም፤ ሶዶ ነው። እኔ ሶዶ ከሄድኩ ያን ሳምንት ሃና ማን ይሄዳል? ነገ፣ ነገ እያልኩ እንዲህ ቆየ።»

«አሁን እኮ ቆማለች ጋሼ። ለምን አሁን አንሄድም?»

«አንሄድም ነው ያልሽው? አንቺም ልትሄጂ?»

ለሥልጠና ሶዶ የምሄድበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ባይደርስም ግን የምሄድ ይመስለኛል። ፓምፑን ፈቱትና በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀለሉት። የተሳፈርንበት አውቶቡስ ረዳት ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲል እምቢ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር በሁለት እጃቸው ያቅፉታል። ኮንሶ ለምሳ ስንወርድ ይዘውት ወርደው አጠገባቸው ወንበር ላይ አኖሩት። አስተናጋጇ ጆንያውን እያየች «ለሳቸውስ ምን ላምጣ?» ብላ ቀለደች። «ናፍጣ» አሏት።

መንገድ ላይ ብዙ አጫወቱኝ። ደርግ በወደቀ ሰሞን በሰው የጭነት መኪና መንዳት እንደጀመሩ፣ ያኔ መኪና ብርቅ ስለነበር ሰው ከአርቦሬ ቆላ ድረስ ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ይወጣ እንደነበር ነገሩኝ። «መኪና ስትገባ ልጆቹ ከኋላዋ ይሮጡ ነበር» አሉኝ። «ጭሱን ለማሽተት። እኔም ጥሩ ይሸታል እል ነበር። ይጎዳል ያለን ሰው የለም።»

ሶዶ ያለው ባለሙያ ፓምፑን መሞከሪያው ላይ አሥሮ ካስተካከለ በኋላ፣ ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎችም ማለቃቸውን ነገራቸው። እነሱም ተቀየሩ። ተመልሰን፣ ሁሉም ተገጥሞ፣ መለኪያው ለክልሉ ቢሮ ሊመለስ በታሸገበት ሰሞን እንደገና አስፈትቼ ለካኋት። ያ ጥቁር ጭስ ሳስቶ ግራጫ ሆነ። ቁጥሩ በጣም ወርዷል፤ ከተፈቀደው ግን አሁንም በጥቂቱ ይበልጣል።

ሾፌሩ ፊቴን እያዩ ነው። ኃላፊዬ አጠገቤ ቆመዋል። «ምን ልትጽፊ ነው?» አሉኝ በቀስታ።

«ያየሁትን። አላለፈችም።»

«ከዚያስ?»

«እንደ አካባቢው ሁኔታ የምትለዋን ለሃና እናውላት።»

የዚያን ቀን ቢሮ ቁጭ ብለን፣ ሾፌሩንም አስቀምጠን ተነጋገርን። ሌላ መኪና እስኪገኝ ቅጥቅጧ ሃና ትሄዳለች። መናኸሪያው ግን አትገባም፤ ተሳፋሪዋን የምትጭነው ከከተማው ውጭ፣ ወደ ማጎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስትጠብቅ ሞተሯ ይጠፋል፤ ለዚህም አዲስ ባትሪ ይገባላታል። መለኪያ በመጣ ቁጥር ትለካለች፤ ከባሰባት ትቆማለች። ሾፌሩ በሁሉም ተስማሙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው ኃላፊዬን «ጌታ ይባርክህ» አሏቸው፤ የአሪ ሰው በአማርኛ አንተና እርስዎን እንደማይለይ ስለምናውቅ ሁለታችንም ደስ ብሎን ነው የሰማነው።

ለቀሩት መኪኖችም እቅዱ ውስጥ ሁለት ነገር አስገባሁ፦ መናኸሪያ ውስጥ የቆመ መኪና ሞተር እንዲያጠፋ፣ ውሎ አድሮም መናኸሪያው ከትምህርት ቤቱ ጎን እንዲነሳ። ሞተር ማጥፋቱ ቀላል ይመስላል፤ የብዙ ወር ጭቅጭቅ ወሰደ። ሾፌሮቹ እኔን ሲያዩ ያጠፋሉ፣ ስሄድ ያስነሳሉ። በመጨረሻ የረዳችኝ መምህርቷ ናት። ሾፌሮቹን ከነረዳቶቻቸው ለወላጆች ቀን ጠርታ በእነዚያ ትንንሽ ወንበሮች ላይ አስቀመጠቻቸው። ግማሾቹ የገዛ ልጆቻቸው እዚያው ይማራሉ። ስትናገር የወቀሰችው ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ ሲዘምሩ አሰማቻቸውና አንዱ ሞተር ሲነሳ መዝሙሩ በሳል ሲቆራረጥ ዝም ብላ አስደመጠቻቸው። ከዚያ በኋላ ተራ አስከባሪው ራሱ «አጥፋ!» እያለ ይጮኽ ጀመር።

ሐዋሳ የእቅድ ግምገማ ላይ ተራዬ ደርሶ ስናገር አንድ ባለሙያ «ጂንካ ደግሞ ምን የአየር ብክለት አለ? አረንጓዴ አይደል እንዴ?» ብሎ አሳቀ። ፊደል ሳይለዩ መኪና በጠረኑ ስለሚለዩት ልጆች፣ ማጎ ጭቃ ላይ ስለተወለደውም ሕፃን ነገርኳቸው። መድረኩን የሚመሩት ሴት፣ «ትልልቆቹ ከተሞች ላይ ያወጣነውን ወሰን እንዳለ አንድ መኪና ብቻ ባለው መስመር ላይ መጫን አንችልም ማለት ነው» አሉና ለመሰል ወረዳዎች የመሸጋገሪያ ጊዜ እንዲሰጥ አስመዘገቡ። የጠየቅሁት ሁሉ አልተፈቀደም። የመናኸሪያው መነሳት ለዓመታት ተጓተተ።

ቅጥቅጧ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሠርታ ሌሎች የተሻሉ መኪኖች መስመሩን ሲጀምሩ ሾፌሩ ሸጧት። መንዳት ባቆሙ ሰሞን ታመሙ። ሳሉ ከጀመራቸው ቆይቷል፤ ተሳፋሪ የሚጠሩበት ወዝ ያለው ድምፃቸው ጎርንኖ መዘመር ትተው ነበር። ሆስፒታል የሚመጣውን ስፔሻሊስት ጠብቀን አስመረመርናቸው። ሳንባቸው ተጎድቷል አለ፤ ዕድሜ ልክ ሲምጉት የኖሩት ናፍጣ፣ አቧራና የማገዶ ጭስ ተደማምሮ። የሚነፋ መድኃኒት ታዘዘላቸው። መጠቀም ግን አቃታቸው፤ ይነፉታል እንጂ አይስቡትም፤ መድኃኒቱ ከአፋቸው እንደ ጉም ይመለሳል።

ለመምህርቷ ነገርኳት። በዚያው ቀን ከሥራ መልስ አብራኝ ሄደች። አጎንብሳ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና ሕፃናቱን በምታስተምርበት ድምፅ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ያውጡት... ኡፍ... አሁን ከንፈርዎን ግጥም... ስጫነው በቀስታ ይሳቡ... ያዙት፣ ያዙት፣ ያዙት... ጎበዝ!» አለቻቸው። ሚስታቸው «ጎበዝ» ሲባል ሰምተው ከኩሽና እየሳቁ ወጡ።

ሁለተኛውን ራሳቸው በትክክል ሳቡ። ትንፋሻቸው ሲከፈት ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። እጇን ያዙና፣ «ልጄ፣ አንቺንም በኔ መኪና ምክንያት ነው ይሄ ያገኘሽ» አሏት።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው ያለብኝ» አለቻቸው። «ያባሰው የርስዎ ብቻ አይደለም፤ ስንት መኪና ነበር እዚያ። ደግሞ ባሌን ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት። ይልቅ ጠዋትና ማታ እንዳይረሱ።»

ለወራት እየሄደች አየቻቸው። በኋላ ባሏ ዝውውር አገኘና አገራቸው ገቡ። አሁንም እንደዋወላለን፤ አስሟ አልጠፋም፣ ግን ይዛዋለች። ሽማግሌው ሾፌርም አሁንም አሉ። ዳገት አይወጡም፤ እንሰታቸው ሥር ተቀምጠው ሃና ስለሚሄዱት መኪኖች የሚጠይቋቸውን ወጣት ሾፌሮች ይመክራሉ።

መናኸሪያው በመጨረሻ ከከተማው ወጣ። እኔም አሁን እቅድ ክፍል ነኝ። ባለፈው ሰሞን አዲሱ መናኸሪያ ላይ ሆኜ ስቆጣጠር አንዲት የኦሞ ዳር እናት ከዱስ መንደር ማሽላ አምጥታ ከመኪና ወረደች። ጆንያውን እያየች፣ «ገበያው የት ሄደ? ድሮ መኪናው በሩ ላይ ነበር የሚያወርደን» አለችኝ። ጭሱ ሕፃናቱን እንዳይጎዳ መናኸሪያውን ማራቃችንን ነገርኳት። «ጥሩ አደረጋችሁ» አለች። «ግን እኛስ? ባጃጁም ከባድ ጭነት አልወስድም ይላል።»

እውነቷን ነው። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሰውና ጭነት የሚያመላልስ መስመር እቅዱ ውስጥ አለ፤ ገና አልተጀመረም። የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዝኩላት፣ እሷ ሌላውን ያዘችና መንገዱን ጀመርን።